ባንክ የሆነው እንጨት ቤቴ

ዲላ ዋናው መንገድ ላይ በተከራየሁት እንጨት ቤት ለዓመታት አልጋ ስሠራ ኖሬያለሁ። ቡና ተሸጦ እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ የኮንጋ ቀበሌ ገበሬ ልጁን ይድራል፤ የሙሽሮቹን የዋንዛ አልጋ የምሠራው ደግሞ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን አከራዬ ፈገግ እያሉ መጡ። አከራይ ፈገግ ሲል ደግ ነገር የለም። "ልጄ፣ ቤቱን ባንክ ፈለገው፤ የሁለት ዓመቱን ባንዴ ይከፍላል" አሉኝ። በግራዬ ባንክ፣ በቀኜ ባንክ፣ ፊት ለፊቴም ባንክ ነበር። ሬዲዮው በየማለዳው የፋይናንስ ዘርፉ ማደጉን ያበስረናል። እውነቱን ነው፣ ቤቴ ድረስ መጣ። መንግሥት ለባንክ ሲሆን በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ ለእኛ ለሠራተኞቹ ሲሆን "ተደራጁና ኑ" ይለናል። ተደራጅተን ሄድን፣ ፎርም ሞልተን ተመለስን። ይህ ነገር ዛሬም ያናድደኛል።

ቤቱን ለቅቄ ባንኩ ሲገባበት፣ ይባስ ብሎ ባንኮኒውን የሠራሁት እኔው ነኝ። ሥራ ነው፣ ምን ላድርግ! ሥራ አስኪያጁ "ከፍ ይበል፣ ግርማ ሞገስ ይኑረው" አለኝና ከፍ አደረግሁት። በወሩ ለአዲስ እንጨት ቤት ኪራይ ብድር ልጠይቅ ስሄድ፣ ቁመቴ አጭር ነውና፣ ከባንኮኒው በላይ የታየው ኮፍያዬ ብቻ ነበር።

"ማነው?" አለች ከወዲያ የተቀመጠችው ልጅ።

"ባንኮኒውን የሠራሁት ነኝ። ብድር ፈልጌ ነው።"

"ማስያዣ አለዎት?"

"የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን አለኝ።"

"ጋሼ፣ እኛ የምንይዘው ቤት ወይም መኪና ነው።"

ቤት ቢኖረኝማ ለቤት ኪራይ ምን አስለመነኝ!

የጨነቀኝ ግን አንድ የኮንጋ ገበሬ ለልጁ ሠርግ ያዘዘኝ አልጋ ነበር። ሠርጉ ደርሷል፣ እንጨቱ ተላልጎ ተከራይቼ በምኖርባት አንዲት ክፍል ተከምሯል። እዚያው ብገጥመው በበሩ አይወጣም፤ ሙሽሮቹ እኔ ዘንድ ሊያድሩ ነው። ውጭ እንዳልገጥመው ዝናቡ አላባራ አለ።

የባንኩ ዘበኛ የድሮ ጎረቤቴ ናቸው። "እሑድ ዝግ ነው፣ በረንዳው ደረቅ ነው፤ ና ግጠመው" አሉኝ።

እሑድ ከቸርች የሚመለሰው ሰው ሁሉ እየቆመ "ባንኩ አልጋም ጀመረ?" ይለኛል። ገበሬውም በአይሱዙ ደረሰ። እኔን አየ፣ ሕንፃውን አየ፣ አቀፈኝ።

"ጎበዝ! ባንክ ከፈትክ እንዴ?"

ዘበኛው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እኔም ሳቅሁ።

አልጋው ተጭኖ ሲሄድ የረገፈውን እንጨት ጠረግሁ። በዕድሜዬ ከባንክ የተበደርሁት ያንን በረንዳ ብቻ ነው፤ እሱንም ያበደሩኝ ዘበኛው ናቸው።