መቀስ የማይመርቀው ምርቃት

ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ከታከመ ወዲህ የሚያወራው በመቀሱ ነበር። ጠረጴዛውን አንዴ ቢመታ እሺታ፣ ደጋግሞ ቢመታ እምቢታ፤ መቀሱን ከፍቶ ካስቀመጠው ደግሞ «ቆዩኝ» ማለቱ እንደሆነ ደንበኛው ሁሉ ለምዶታል። ድምፅ አጥቶ አይደለም። የተረፈው ድምፅ ግን ሻካራ ሆነበት፤ መጀመሪያ የሰማው ቀን ራሱ ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ዝም።

ልጁ በማግስቱ ለሥራ ወደ ሩቅ ከተማ ልትሄድ ነው። የምትለብሰውን ካፖርት ሲዘመዝምላት መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ ስደውልልህ ስልኩን የሚያነሳው መቀሱ ነው?»

ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ሳትመርቀኝ አልሄድም። በአፍህ ነው የምፈልገው።»

መቀሱን ከፍቶ አስቀመጠው።

«እሺ፣ እኔ እቆያለሁ። አውቶብሱ ግን አይቆየኝም» ብላ ሻንጣዋን ልታሰናዳ ገባች።

የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብታ የጨርቅ ቁርጥራጮቹ ላይ ተኝታለች። ሰውየው ብቻውን እንግሊዝኛ የተማረበትን፣ ጀርባውን በክር የሰፋውን መዝገበ ቃላት አነሳ። ልቡ ሲጨነቅ እንዲያ ነው፤ ገልጦ የወጣለትን ያነባል። «ስኳክ» የሚል ቃል ወጣለት። ትርጉሙ የወፍ ሻካራ ጩኸት፤ አመጣጡም ከዚያው ከጩኸቱ፣ ድምፁን በመምሰል የተፈጠረ ይላል።

ጣቱን ቃሉ ላይ እንዳኖረ ሸለብ አደረገው። ጣሪያው ላይ ወፎች ይንጫጫሉ፤ ጩኸታቸው በእንቅልፉ ውስጥ እንደ ላባ ቀስ እያለ ወርዶ ገጹ ላይ ፊደል ሆኖ ያርፋል። ድሮ፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው፣ ይህን ጩኸት ሰምቶ ጆሮውን አልደፈነም። እንዳለ ተቀበለው፤ ቃልም ሆኖ «ጸሎት» እና «ፍቅር» ካሉበት መጽሐፍ ገባ። ፈጣሪስ ቢሆን፣ ድምፃችሁን አሳምራችሁ ኑ ብሎ ወፍ መልሶ ያውቃል? ልብስ ሰፊው ሲነቃ ፊቱ በእንባ ርሷል፤ ልቡ ግን ቀሎታል።

ጠዋት በሩ ላይ ልጁ ካፖርቷን ለብሳ ጎንበስ አለች። እጁን ራሷ ላይ ጫነ።

«የኔ ልጅ... እግዚአብሔር... በሰላም ያግባሽ። በሰላም ይመልስሽ።»

ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጥጥ ያለ ድምፅ ነበር። ጣሪያው ላይ ያረፈችው ወፍ ብር ብላ ሄደች።

«አሜን!» አለች ልጁ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «አባዬ፣ ወፏን አባረርካት እኮ!»

«ትመለሳለች» አለ።