አረንጓዴው ስክሪንና የወይዘሮ ሙሉጌጥ ከንፈር

እስቲ ነርሶች ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ያን ስክሪን እዩት። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። ብርቅዬ ግን ባየችው ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

ብርቅዬ በየማለዳው ከከተማው ዳር ከቱላ በባጃጅ እየመጣች መሃል ከተማ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ነርስ ናት። አምና እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት ላይ የሚሰካ መለኪያ መጣ። የታካሚውን ኦክስጅን በየሰከንዱ ወደ ስክሪኑ ይልካል። ማሽኑ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ታካሚው የትኛው የሕክምና ደረጃ ላይ እንዳለ ነርሶች የሚመዘግቡትንም ያያል። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ኦክስጅኑ ከወረደ ማሽኑ ጮሆ ነርስ ይጠራል። «ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቷል» ከተባለ ግን ዝም ይላል፤ እዚያ የማደንዘዣ ባለሙያው አጠገቡ ቆሟላ። ብልህ ነገር ነው። ብርቅዬም ወዳው ነበር።

ያረከሱት ሰዎች ናቸው። ታካሚ በሰዓቱ ካልገባ ስክሪኑ ይቀላል፤ ስክሪኑ ከቀላ አለቃው አቶ መክብብ ነርሶቹን በስብሰባ ላይ ያዋርዳል። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የዕለቱን ታካሚ በጅምላ «ገብቷል» ብሎ መመዝገብ ልማድ ሆነ። ብርቅዬም እንደ ሌላው አድርጋዋለች፤ አትክድም።

ማክሰኞ ለታ ወይዘሮ ሙሉጌጥ የሐሞት ጠጠር ሊወጣላቸው መጥተው፣ የማስታገሻ መርፌ ተወግተው ኮሪደር ላይ ተኝተው ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን ኦፕራሲዮን ክፍል ከገቡ ሁለት ሰዓት ሆኗቸዋል። ብርቅዬ ጉሉኮስ ይዛ ስታልፍ ከንፈራቸው ጠቁሮ አየች።

«እማማ፣ ይሰሙኛል?»

ትከሻቸውን ነቀነቀች፤ አልነቁም። ቀና ብላ በነርሶች ክፍል በር በኩል ስክሪኑን አየች። ከዘጠና መውረድ የሌለበት ኦክስጅናቸው ሰባ ሁለት ይላል፤ ያውም በአረንጓዴ። ኦክስጅኑን ጎትታ አፍንጫቸው ላይ ገጠመችው፣ ሐኪም አስጠራች። ከብዙ ጭንቅ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ልጄ፣ ወረፋዬ አለፈ እንዴ?» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ብርቅዬ ምዝገባውን ልታርም ስትል አቶ መክብብ መጣ። «ሴትዮዋ ተርፈው የለ? የተመዘገበውን አትንኪው።»

«እናትዎ ቢሆኑስ?»

«ደግሞ ሰባኪ ሆንሽብን?»

«አልሰብክም። እርስዎ ቆመው እያዩ እሰርዘዋለሁ።»

ሰረዘችው። በዚያ ቀን «ገብቷል» የተባሉትን ዘጠኝ ታካሚዎች አንድ በአንድ በትክክል ወዳሉበት ደረጃ መለሰቻቸው። ስክሪኑ ደም መሰለ። በማግስቱ እሷን ካርድ ክፍል ወረወሯት፤ ስክሪኑም ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ። ካርድ ተሸክማ በዚያ ስታልፍ ፊቷን የሚያዞራት ይኸው ነው፤ የሰው ትንፋሽ የሚቆጥር ማሽን አምጥተው ለአለቃ ፊት ማሳመሪያ አደረጉት።

እናንተ አስታማሚዎች፣ አደራ፤ በሽተኛችሁ አጠገብ ቆማችሁ «ስክሪኑ ላይ የት ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዓይናችሁ ከሚያየው ሌላ ቦታ ከነገሯችሁ፣ እስኪታረም ድረስ ከዚያ ንቅንቅ እንዳትሉ።