አንበሳና ጉጠት በአንድ ጋሻ

በእስራኤሏ ረሆቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር ውስጥ በየምድር ቤቱ መስኮት ላይ ያለውን የብረት ፍርግርግ ልብ ብሎ ያየ ሰው የጋሽ አለበልን እጅ ያውቃል። ብረቱን እንደ ሐረግ አጥፈው፣ ጫፉ ላይ እንደ ዜማ ማሳረጊያ ትንሽ ቅጠል ያወጡለታል። በሱዳን አድርገው ከጎንደር ገጠር የመጡት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ፣ አያታቸው ብረት ቀጥቃጭ። እዚህም ጡረታ እስኪወጡ ከብረት ሥራ አልተለዩም። በረሆቮት ሙቀት በሩን ከፍተው ሲመቱ፣ እኔ ጎረቤታቸው በደጃቸው ሳልፍ በልቤ እገጥምላቸው ነበር፦

ወናፉም ይነፋል፣ ከሰሉም ይነዳል፣
ቀጥቃጩ ቢሞትም ማረሻው ግን ያርሳል።

በዚያው አቆጣጠር በ2015 ጸደይ ልጃቸው ሳፒር ለሰይፉ ልጅ ለኒቭ ታጨች። ልጁ ወርቅ ነው። አባትየውን ግን አንቱ ልበል ብል ምላሴ እምቢ ይለኛል። ሰይፉ ለየመሥሪያ ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ የሚያቀርብ ካብላን፣ ኮንትራክተር መሆኑ ነው። ፍሎረንስ የምትባል የጣልያን ከተማ ጎብኝቶ ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ የታላቅነት በሽታው ባሰበት። የዚያች ከተማ ግድግዳ የየቤተሰቡና የየሙያ ማኅበሩ ምልክት በተሳለበት ጋሻ የተሞላ ነው አሉ። አስጎብኚዋ ይህ የእገሌ ቤት፣ ያ ባንዲራ የያዘው በግ የሱፍ ሠሪዎች፣ እያለች ታሳያቸው ነበር። ሁለት ቤት ሲጋባም ጋሻው መሐል ለመሐል ተከፍሎ ግማሹ የሙሽራው፣ ግማሹ የሙሽሪት ይሆናል። ሰይፉ ይህን ሰማና ለሠርጉ አዳራሽ አንድ ጋሻ አሠራ።

ያን ነገር አቅፎ ጋሽ አለበል ሳሎን ሲገባ እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። እንደ አረፋ ከቀለለ ፕላስቲክ የተቀረጸ ነው። ወርቅማ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። በአንደኛው ግማሽ አክሊል የደፋ አንበሳ ምላሱን ጎልጉሎ ቆሟል፤ ምላሱ እርጥብ ጉበት ይመስላል። የጋሽ አለበል ባለቤት ወይዘሮ ማንተገብሽ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ።

«ይሄ የእኛ ቤት ነው» አለ ሰይፉ፣ አንበሳውን መታ መታ እያደረገ። «ባዶው ያንተ ነው፣ አለበል። ንስር በል፣ ግንብ በል፣ ነገውኑ ይሳልልሃል። ቤሰደር? እሺ?»

«ጉጠት ይሳልልኝ።»

«ምን?»

«ጉጠት። አባቴ የጋለ ብረት የሚይዝበት። ጥቁር ይሁን።»

ሰይፉ ሊስቅ ጀመረና ተወው። «ያ ሁሉ ሰው ፊት? ቡዳ የሚሉንን እዚያ ትተን መጥተን፣ በገዛ እጃችን አዳራሽ ላይ እንስቀለው? አባትህ ሲያልፍ እኮ ጎረቤት ልጁን ይሸሽግ ነበር!»

«ያንተስ አባት ሲያልፍ?»

ሁለቱ አባቶች በአንድ ወናፍ የተፈራረቁ፣ በአንድ እሳት የተለበለቡ ሰዎች ነበሩ።

«እንዲያው አንበሳውን ከየት አመጣኸው?» አሉ ወይዘሮ ማንተገብሽ ከነጠላቸው ሥር። «ጅብ ሲሉን ነው እንጂ አንበሳ ሲሉን አልሰማሁ።»

ከእናቷ ጎን የተቀመጠችው ሳፒር በሳቅ ፈነዳች። ሰይፉ ተናዶ ስልኩን አወጣ። «እንኪ፣ እይው! ክብር ማለት ምን እንደሆነ እይ!»

ሳፒር የፍሎረንስን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያሳለፈች ቆየችና አንዱ ላይ ቆመች። ሰይፉ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ አንድ አሮጌ ግድግዳ ሥር ጥርሱን ገልጦ ቆሟል። ከአናቱ በላይ ነጭ ጋሻ አለ፤ በጋሻው ላይ ጥቁር ጉጠት።

«ይሄ የማን ነው?»

ሰይፉ አጎንብሶ አየ። «እሱማ… የብረት ሠሪዎች ማኅበር ብላን ነበር መሰለኝ አስጎብኚዋ።»

የቀጥቃጭ ልጅ፣ ጉጠት አናቱ ላይ ተሰቅሎለት አልለየውም! እሱ ግን ወዲያው ፊቱ በራ።

«እንዲያ ከሆነማ ምን ቸገረን? ጣልያኖቹ ካከበሩት! ያላ፣ ይሳል! ብቻ በወርቅ ቀለም ይሁን። የፍሎረንስ ነው እንላለን።»

ጋሽ አለበል ደስ የሚላቸው መስሎኝ የእልልታ ግጥም ልጀምር ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን ዝንብ የዋጠ ሰው ፊት ነው።

«የአባትህን እጅ ስትጸየፍ ኖረህ፣ ፈረንጅ ሲነካው ጣፈጠህ?» አሉ ቀስ ብለው። «በል የእኔን ግማሽ እንዳትነካው። ባዶውን ይሰቀል።»

«አባ፣ ሠርጌ እኮ ነው» አለች ሳፒር። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሠርግሽማ ነው፣ ልጄ። እመጣለሁ፣ እመርቅሻለሁ፣ እጨፍርልሻለሁ። አባቴን ግን በዚህ ሰው ወርቅ አላስቀባም።»

ሳፒር አባቷን አየች፣ አንበሳውን አየች። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ወደ ሰይፉ ዞረች። «ባዶውን ይሰቀል» አለች።

ተሰቀለም። በሠርጉ ዕለት ግማሹ ወርቅማ አንበሳ፣ ግማሹ የተላጠ ነጭ ሆኖ ከሙሽሮቹ ራስ በላይ ተገተረ። እንግዳው ሥሩ ተሰልፎ ፎቶ ይነሣል። ያን ምላስ እያየሁ የቀረበልኝ ሥጋ አልወርድ አለኝ። ጋሽ አለበል ለጋሻው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ከልጃቸው ጋር እስክስታቸውን አወረዱት።

ሰይፉ ላብ አጥምቆት መጣ። «አለበል፣ ሰው ቀለም አለቀብህ ወይ እያለ ይስቅብኛል። ምን ልበላቸው?»

«አባትህ ምን ይሠራ ነበር?»

ሰይፉ እንግዶቹን ቃኘ።

«እሱን በላቸው» አሉት።

ሰይፉ ዞሮ ሄደ። ወዲያው ከሚቀጥለው ጠረጴዛ ድምፁን ሰማሁት፦ «ዘመናዊ ሥዕል ነው፤ ፍሎረንስ አሁን እንዲህ ነው የሚሠሩት።»