ከመንገዱ ማዶ ያለው ትግል

በ2016 ዓ.ም. ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ባለው ቤቴ የአንዱን የሬስሊንግ ኩባንያ ትግል በቴሌቪዥን እያስከፈልኩ አሳያለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የወሎ ሰው የተቀናቃኙን ኩባንያ ያሳያል። ሰላም አንባባልም። ሁለቱ ኩባንያዎች በአንድ መድረክ ሊያታግሉ ነው ሲባል ሰውየው እኔ ቤት መጣ።

«አቦይ፣ እነሱ ከተስማሙ እኛም አንድ ላይ እናሳይ። እኔ ቤት ሰው የሚያየው ቆሞ ነው፤ እርስዎ አግዳሚ አለዎት።»

«የእነሱ ጠብ ለትርዒት ነው፤ የእኛ የእውነት ነው» አልኩት።

በዕለቱ ሁለታችንም ያንኑ ትግል ከፈትን። የእሱ ዲሽ ምስሉን ከእኔ ጥቂት ሰከንድ ቀድሞ ያመጣል። ማዶ ያሉት የአሸናፊውን ስም ሲጮኹ፣ እኔ ቤት ተሸናፊው ገና አልወደቀም።

አንዱ ደንበኛዬ፣ «አቦይ፣ እርስዎ ቤት የሚታገሉት ያለቀውን ነው» ብሎ ተሻገረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

በማግስቱ ጠዋት አግዳሚዎቼን ተሸክሜ ተሻገርኩ። ሰላም አላልኩትም፤ «የት ላስቀምጣቸው?» አልኩት።