ከሻሹ ሥር ያለው ማዳመጫ

እኔ የፈለግሁት ኖርማሉን ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ «ዘመናይ ነኝ ብላ ውዱን ገዛች» እያለች ስሜን ታጠፋለች። ቤታችን ኮምቦልቻ፣ ሥራዬ ደሴ ነው። ጠዋት የሐረጎን ዳገት ሽቅብ እወጣለሁ፣ ማታ ቁልቁል እወርዳለሁ። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ በስስ ልብስ የተነሳ ሰው ሐረጎ ላይ ጉም ይቀበለዋል፤ ደሴ ሲደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ብርዱንስ ለምጄዋለሁ። አልለመድ ያለኝ የሚኒባሱ ጫጫታ ነው። ሾፌሩ የከፈተው ዘፈን በአንድ ጆሮ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በስልክ የሚዘረግፈው የቤቱ ገመና በሌላው ጆሮ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ከሚስቱ ጋር ስለ አንዲት ፍየል ሲጨቃጨቅ ሄደ። ስንወርድ «ለመሆኑ ፍየሏ ትሸጥ ወይስ ትቅር ተባባላችሁ?» ብዬ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝም። ገመድ አልባ ማዳመጫ ልግዛ ያልኩት ያን ዕለት ነው።

ከሥራ ስወጣ ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ የሞባይል ሱቅ ገባሁ።

«ሁለት ዓይነት ነው ያለን፣ እህቴ» አለኝ ሻጩ፣ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች መስተዋቱ ላይ እያስቀመጠ። «ይሄ ኖርማሉ ነው። ዘፈን ትሰሚበታለሽ፣ ስልክ ታወሪበታለሽ፣ አለቀ። ይሄ ደሞ ፕሪሚየሙ ነው።» ፕሪሚየሙ ጋ ሲደርስ ምስጢር እንደሚነግረኝ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ፕሪሚየሙ ምን ይጨምራል?»

«የውጭ ድምፅ ድርግም አድርጎ ይዘጋልሻል። ስትፈልጊ ደሞ ይከፍትልሻል።»

ዋጋውን ጠየቅሁ። ነገረኝ። «ወላሂ ኖርማሉ ይበቃኛል» አልኩት።

«ግዴለም ሞክሪው። መሞከር በነጻ ነው።»

በነጻ የተባለ ነገር እምቢ ብዬ አላውቅም። ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩትና እንዳለኝ ጎኑን በጣቴ ጫን አልኩት። ፒያሳ ጠፋ። የባጃጁ ጡሩምባ፣ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» የሚለው ረዳት፣ በጎን ካለው ሱቅ የሚመጣው ዘፈን፣ ሁሉም ድርግም አለ። ሻጩ ወደ ባልደረባው ዞር ብሎ አንድ ነገር ሲናገር አየሁት።

«ኧረ እገዛለሁ!» አልኩት።

ሰውዬው ክው አለ። ባልደረባውን ያለው «ይች አትገዛም፤ ለማየት ነው የመጣች» ነበር። የማዳመጫውን ሣጥን አንስቶ አገላብጦ አየው። «ይዘጋል ብለውኝ ነው እኮ ያመጣሁት» አለ።

ዕቃው እንከን አልነበረበትም። አባቴም እናቴም ዕድሜያቸውን የፈጁት ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ነው። የተዋወቁትም የተጫጩትም እዚያው ነው። ሽመና ክፍል ማሽኑ ሁሉ አንድ ላይ ሲንጫጫ ሰው ጮኾ አይደማመጥም፤ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ያወራል። እነሱም ይህን ልማድ ቤት ይዘውት መጡ። እንግዳ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ «ስኳር አልቋል»፣ «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄድ?» ይባባላሉ። እኔና እህቴ ፊደል ሳንቆጥር ከንፈር ማንበብ ተማርን።

ሻጩ ካፈረበት ሲመለስ «አሁን ደግሞ አንዴ ድገሚው» አለኝ። ጎኑን መልሼ ጫንኩት። ፒያሳ ተመልሶ መጣ፤ ግን እንደበፊቱ አልነበረም። ቅርብ ሆኖ መጣ። ባልደረባው ሻይ ሲስብ ሰማሁ። በር ላይ የቆሙ ሁለት ሴቶች የሚንሾካሾኩትን ሰማሁ። ከሁሉም ነገር በፊት አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ጆሮውን ሽመና ክፍል ትቶት ነው የወጣው። እሱ ግን ማንም የሚያውቅበት አይመስለውም ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ መንደሩ በሙሉ አውቆለት ሳለ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ያልሰማውን ሁሉ «ኢንሻአላህ» ብሎ ይመልሳል። ኢንሻአላህ ደግሞ የማይገባበት ቦታ የለም። «ነገ ለቅሶ እንደርሳለን?» ኢንሻአላህ። «ወጡ ጨው በዛው እንዴ?» ኢንሻአላህ። ቁም ነገር ያለው እንግዳ የመጣ ዕለት መቀመጫው ከጓዳው በር ትይዩ ነው። እናቴ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ትቆምና የእንግዳውን ቃል በከንፈሯ ትደግምለታለች። እንግዳው አባቴ በትካዜ አሻግሮ የሚያይ ይመስለዋል።

ይህ ዘዴ አንድ ቀን ብቻ ከሽፏል፤ እሱም የታላቅ እህቴ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ነው። እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም፣ አለቀሰች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ አባቴ አንድም ቃል ሊያነብላት አልቻለም። ለሁሉም ነገር ኢንሻአላህ አለ። እህቴ ደጋን ከተማ ተዳረች፤ ደህና ሰው ነው የገጠማት፣ አልሐምዱሊላህ። አባቴ ግን ከሠርጉ በኋላ አንድ ምሽት እናቴን በከንፈሩ «ልጄን ሳልሰማ ዳርኳት» ሲላት አይቻለሁ። እኔ እንዳየሁት አላወቀም። እስከ ዛሬ ያንን ሳስብ ያመኛል።

እንግዲህ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሁለቱን ሣጥኖች የማፈራርቀው፣ በሚቀጥለው እሁድ የእኔ ሽማግሌዎች ከገራዶ ሊመጡ ቀጠሮ ተይዞ ነው። ለአባቴ የቀረሁት ልጅ እኔ ነኝ፤ ከእኔ በኋላ ማንም ሽማግሌ ደጃችንን አይረግጥም። የመስሚያ መሣሪያ ይገዛልህ ብንለው ከዚያ በፊት ተቆጥቷል፤ «ደነቆረ ሊያስብሉኝ ነው!» ብሎ። ይሄኛውን ግን ጎረምሳ ሁሉ ሰክቶት ይዞራል። ይሄን ያደረገ ሰው ቢበዛ ቀበጠ ይባላል እንጂ ደነቆረ አይባልም።

ፕሪሚየሙን ገዛሁ። ለራሴ ኖርማሉን የገዛሁት ብዙ ቆይቼ ነው፤ ፕሪሚየሙ ከአባቴ ጆሮ ተመልሶ አልመጣም።

«አባ፣ ይችን ሞክራት እስቲ፤ ዘፈን መስሚያ ናት» አልኩት ማታ፣ ጆሮው አጠገብ ጮኼ።

«እኔ ምን ዘፈን አለብኝ?»

«መንዙማም ይሰማባታል።»

ሰካሁለትና ጎኗን ጫን አልኩለት። ወዲያ ወዲህ አየ። እናቴና እኔ ምን ይል ይሆን ብለን እንጠብቃለን።

«ያች ቧንቧ ሁልጊዜ እንዲህ ታንጠባጥባለች?» አለ።

«ዓመቷ ነው» አለችው እናቴ።

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«ስነግርህ ኢንሻአላህ ትለኛለህ!»

ሳቅን። እሱ ግን በዚያው ተነስቶ ቧንቧዋን ሊያጠብቅ ወጣ።

እሁድ ሆነ። አባቴ ኮፊያውን ደፍቶ ነጭ ሻሹን በላዩ ጣል አደረገ፤ ማዳመጫው ከሥሩ ተሸሸገ። የአባቴ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ ማዳመጫውን ያገናኘሁት ከእኔ ስልክ ጋር ነው። ከማዳመጫው እንዳይርቅ ብዬ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ሳሎን ቡፌው ላይ፣ ዳንቴሉ ሥር ቻርጅ ላይ ተውኩት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ ሁለቱ እንደ እኛው ሙስሊም፣ አንዱ የልጁ አባት ጎረቤት የሆኑ መምሬ። ልጁ፣ የዛሬው ባለቤቴ፣ የገራዶ ገበሬ ልጅ ነው፤ እዚሁ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። ደንቡ ስለማይፈቅድ እሱ አልመጣም። እኔም የምጠየቀው ሰው ነኝና ሽማግሌ ፊት አልታይም፤ ከእናቴ ጋር መጋረጃ ጀርባ ቆሜያለሁ። ተናጋሪው ሽማግሌ ሂና የነካው ጺማቸው ከንፈራቸውን ሸፍኖታል። ማዳመጫው ባይኖር ኖሮ አለቀልን ማለት ነበር።

«ተቀመጡ» አላቸው አባቴ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ባለ ጺሙ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው። «የመጣነው በመልካም ነገር ነው...»

ይሄኔ ዳንቴሉ ሥር ብርሃን አየሁ። ስልኬ እየጠራ ነው። ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም፤ ልጁ ታች ባጃጅ መቆሚያው ጋ ተቀምጦ መታገሥ አቅቶታል። አባቴ ጆሮው ውስጥ ሲጮኽበት ደንግጦ እጁን ወደ ሻሹ ሰደደ። ሮጬ ልዝጋው? ሽማግሌ ፊት! እናቴ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘች። የአባቴ ጣት ማዳመጫውን ነካው፤ ስልኩ ተነሳ።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አለ አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ባለ ጺሙ ሰላምታ የተለዋወጡት ቀደም ብለው ቢሆንም፣ አደብ ነውና «ወአለይኩሙ ሰላም» ብለው መለሱ።

«ገና ናቸው» አለ አባቴ። «እየተናገሩ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባቴ ግንባሩን ቋጠረ። «አንተ ማነህ?»

«እኔማ የገራዶ ሰው ነኝ፤ አባቴም...» ብለው ባለ ጺሙ ዘራቸውን መቁጠር ጀመሩ። አባቴ በእጁ ዝም አሰኛቸው። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ማድመጥ ያዘ። ሁሉም ነገር ተበላሸ፣ አባቴም በሰው ፊት ተዋረደ አልኩ።

«በል» አለ አባቴ። ቆይቶ ደግሞ፦ «አልሰማሁህም። ድገመው።»

እናቴና እኔ ተያየን። አባቴ ለማንም «አልሰማሁም» ሲል ሰምተን አናውቅም።

ልጁ ምን እንዳለው በኋላ ነው የነገረኝ። መጀመሪያ እኔ መስዬው «አሰላሙ አለይኩም፤ ምን አሉ?» ብሏል። የአባቴን ድምፅ ሲሰማ ሊዘጋው ነበር፤ «ነገር ግን በአማቱ ላይ ስልክ የሚዘጋ ሰው ሚስት ያገኛል?» ይላል። ስለዚህ «እኔ ነኝ ልጁ፤ ይቅር ይበሉኝ አባባ» አለ። በል ሲባል፣ «ልጅዎን ከእርስዎ አላርቃትም። ቤት የተከራየሁት ከእናንተ በታች ነው፤ ሲጠሯት ትሰማለች» አለ። ድገመው ሲባል ደግሞ ጮኾ ደገመው። ባጃጅ ነጂዎቹ ዞረው «ማሻአላህ!» አሉት።

አባቴ ቀና አለ። «ሰምቻለሁ» አለ ለሽማግሌዎቹ።

«እኛ እኮ ገና አልጨረስንም» አሉ መምሬ።

«እናንተ አልጨረሳችሁም፤ ልጁ ግን ጨርሷል።» ሻሹን ገልጦ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣና በመዳፉ ላይ አሳያቸው። «ጆሮዬ ደክሟል። የመጀመሪያ ልጄን ሳልሰማ ነው የዳርኳት። ይችን እንኳ ሰምቼ ልዳር ብዬ ነው እንጂ እናንተን መናቄ አይደለም።»

ያን ሁሉ ዓመት የደበቀውን ነገር ለማያውቃቸው ሰዎች በአንድ ትንፋሽ ነገራቸው። ማንም አልሳቀበትም። መምሬ ማዳመጫውን ተቀብለው እያገላበጡ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ያልተሠራ አለ!» አሉና መለሱለት። አባቴ መልሶ ሰካው።

«አሁን ተቀመጡና ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ» አላቸው። «ደንቡ ደንብ ነው፤ ቀጠሮ ሳልሰጣችሁ ልጅቷን ሰጠን ብላችሁ እንዳትሄዱ። ስትመለሱም ልጁን ይዛችሁ ኑ። ድምፁን አውቄዋለሁ፤ የቀረኝ መልኩ ነው።»

ባለ ጺሙ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የመጣነው በመልካም ነገር ነው» ብለው እንደገና ጀመሩ። እናቴ አጠገቤ፣ እንደ ልማዷ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ቃላቸውን በከንፈሯ መድገም ያዘች። እንባዋ ይወርዳል፤ ከንፈሯ እንደ እህቴ ሽማግሌዎች ዕለት ይንቀጠቀጣል፤ ቃሉ አልወጣ አላት።

አባቴ ከሽማግሌዎቹ ራስ በላይ ወደ መጋረጃው አየ። ድምፅ ሳያወጣ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ «ተይው» አላት። «እየሰማሁ ነው።»