የጋሼ ከድር እቃቃ

ባለፈው ሐሙስ ከጎሬ ወደ መቱ በሚኒባስ ስመለስ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት አባት ከትንሽ ልጁ ጋር ጅብና ፍየል ይጫወት ነበር። ጅቡ ልጅቷ፣ ፍየሉ እሱ። እሷ ስታጓራ እሱ እየተንቀጠቀጠ «አያ ጅቦ፣ ዛሬን ብቻ ማረኝ» ይላል። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ «ዘንድሮ ደግሞ ወንዱ ሁሉ ልጅ ሆነ!» ብለው አጉረመረሙ። «ይተዉአቸው አባቴ፣ ይሄ ትልቅ ሥራ ነው» አልኳቸው። ኮስተር ብዬ ኖሯል መሰለኝ፣ ወዲያው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ ጋሼ ከድር ምንጣፍ ላይ ወደተቀመጡበት ወደዚያ ክረምት።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ አፌ ከዕድሜዬ ይቀድማል። ጅማ ሦስት ሳምንት ሠልጥኜ ስመለስ መቱን ላድናት የተላክሁ ነበር የመሰለኝ። ሥራዬ ወላጆችን ከልጆቻቸው ጋር መጫወት ማስተማር ነው። አዎ፣ መጫወት! የፈራ፣ የደነገጠ፣ ሐዘን የገባው ልጅ የሆዱን በቃል አይናገርም፤ በጨዋታ ያወጣዋል። ስለዚህ ወላጅ በሳምንት አንድ ቀን ለግማሽ ሰዓት ወለል ላይ ይቀመጥና ጨዋታውን ልጁ ይመራል። ወላጅ አይጠይቅም፣ አያርምም፣ አይመክርም፤ ያየውን ብቻ ይናገራል፣ ልጁ «ሁን» ያለውን ይሆናል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው። ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ቀና ብሎ በማያይበት አገር ግን፣ የአምሳ ዓመት ሰው ልጁ ሲያዘው እሺ እንዲል ማድረግ ቀልድ አልነበረም።

የምንሰበሰበው ቅዳሜ ጠዋት፣ ድሮ የቡና መጋዘን በነበረ አዳራሽ ነው። ግድግዳው ገና የደረቀ ቡና ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ እኔም ጮኼ፣ እነሱም ጮኸው ነው የምንግባባው። ወላጆቹ ጭቃቸውን በር ላይ እያራገፉ ይገቡና አግዳሚ ላይ ይደረደራሉ፤ ተራ በተራ አንዱ መሃል ላይ ከልጁ ጋር ሲጫወት ሌሎቹ ዝም ብለው ያያሉ። የመጀመሪያው ቀን፣ ከያዮ ማር እያመጡ የሚነግዱት ኦቦ ጉተማ «ዋቃዮ! እቃቃ ልንጫወት ነው እንዴ ሥራ ፈተን የመጣነው?» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጋሼ ከድር አልሳቁም። ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው መቱን አገሬ ያሉ፣ ቁጥብ ሰው። ባለቤታቸው ታመው ጅማ ሐኪም ቤት በገቡ በሳምንታቸው ሞቱ፣ እዚያው ተቀበሩ። የስድስት ዓመት ልጃቸው ሩቂያ ግን አልተነገራትም። የለቅሶውን ሰሞን ጎረቤት ቤት አቆዩዋት፤ ከዚያ «እናትሽ ጅማ ናት፣ ሲሻላት ትመጣለች» አሏት። ክፋት አስበው አይደለም። እኛ ዘንድ መርዶ ለትልቅ ሰው እንኳ ጊዜ ተጠብቆ፣ ሽማግሌ ተመርጦ ነው የሚነገረው፤ ለልጅማ ማን ደፍሮ! ሩቂያ ጥቂት ቀን ጠየቀች። ከዚያ ዝም አለች። እኔ ሳውቃት ቃል ካወጣች ስምንት ወር ሞልቷት ነበር።

የጋሼ ከድር እህት እትዬ ሙሉካ ልጅቷን ሊወስዱ ከቡታጅራ መጥተው ቤታቸው ተቀምጠዋል። «ሚስት የሌለው ወንድ፣ አፍ የሌላትን ሴት ልጅ እንዴት አድርጎ ያሳድጋል?» ነው ነገሩ፤ ዘመድም ተማክሮ ወስኗል። ጋሼ ከድር ለምነው ያገኙት ሥልጠናው የሚቆይበትን ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። እስከዚያ ካልተናገረች፣ ከመጨረሻው ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሰኞ በአውቶቡስ ትሄዳለች። «ሩቂያ ከሄደች ያ ቤት መቃብር ነው» አሉኝ አንድ ቀን፣ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት እየታገሉ።

ጭንቀታቸው ነገሩን አበላሸው። በየሳምንቱ ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው «እስቲ አባ በይኝ የኔ እናት፣ አንዴ ብቻ» እያሉ ይለምኗታል፣ ከኪሳቸው ከረሜላ ያወጣሉ። ሩቂያ አግዳሚ ሥር ትገባለች። እኔ ደግሞ ከእሳቸው ባስሁ። በአራተኛው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀና ሱቃቸው ድረስ ሄጄ «እውነቱን ይንገሯት! ልጅቷን ያፈናት ውሸታችሁ ነው» አልኳቸው። መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«መምህርት፣ ወልደሻል?»

«አልወለድኩም።»

«እንግዲያው ለልጅህ መርዶ አርዳ አትበይኝ። ካንቺ አፍ ያመለጠ ቀን፣ ከዚያ ወዲያ አታዪንም።»

እንዳልናገር ማልኩላቸው። በጭቃው እየተንሸራተትሁ፣ እያለቀስሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ለልጅቷ አዝኜ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያስለቀሰኝ መቆጣታቸው ነው።

በመጨረሻው ቅዳሜ እትዬ ሙሉካም አብረው መጡ። ጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አጠገቤ ተቀመጡ። የሩቂያ ሻንጣ ታስሮ አልቋል። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ አባርቶ ነበር፤ የተቀቀለ በቆሎ ቀርቧል፣ የነካው የለም። ጋሼ ከድር ተስፋ የቆረጡ ይመስላሉ። አልለመኑም፣ ከረሜላም አላወጡም፤ እግራቸውን አጥፈው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ አምስት ሳምንት ጮኼ ያላስያዝኳቸውን ያን ቀን ድካም አስያዛቸው።

ሩቂያ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋችውን ትልቋን አሻንጉሊት የእንጨት መኪና ላይ አስተኝታ እስከ በሩ ገፋቻት። እዚያ አወረደቻትና መኪናዋን ባዶዋን መለሰች። ደግማ ወደ በሩ ነዳች፤ አሻንጉሊቷን አየት አድርጋ ባዶዋን ተመለሰች። ሦስተኛም እንደዚያው።

«መኪናዋ ባዶዋን ተመለሰች» አሉ ጋሼ ከድር።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። ትንሿን አሻንጉሊት አንስታ እጃቸው ላይ አኖረችና «አንተ ሩቂያን ሁን» አለች።

ሹክሹክታ ነው፤ ግን ቃል ነው! ኦቦ ጉተማ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። እኔ፣ አሁን ብድግ ብለው ያቅፏታል፣ «ተናገረች!» ብለው ይጮኻሉ፣ ልጅቷም ደንግጣ ትዘጋለች ብዬ ፈራሁ። አልተነሱም። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ሲወርድ ይታየኛል። አሻንጉሊቷን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና «እሺ፣ እኔ ሩቂያ ነኝ» አሉ።

ነጭ ኮፍያቸውን ከራሳቸው አንስታ ደፋችው። እሷ አባት መሆኗ ነው። «በል ጠይቅ» አለቻቸው።

ምን እንደሚጠየቅ አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የጋሼ ከድር አፍ ግን አልከፈት አለ። በመጨረሻ ቀጠን ባለ የልጅ ድምፅ «እናቴ መቼ ነው የምትመጣው?» አሉ።

«አትመጣም። ሞታለች» አለች ሩቂያ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቃ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። «ለሩቂያ እንዳይነገራት ብለዋል። እኔም ለማንም አልተናገርኩም።»

ለካ ጎረቤት ቤት ሳለች ሁሉንም ሰምታለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ የእኛን ምስጢር ስትጠብቅልን ነበር፤ እንዳያመልጣት አፏን በሙሉ ዘጋችው።

እትዬ ሙሉካ «ውይ!» ብለው ሊነሱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። ያዝኩ ከምል ጨመደድኩ ብል ይሻላል። ሞት ሲጠራ መጮህ፣ ደረት መምታት ደንባችን ነው፤ ያን ሰዓት አንድ ሰው ቢጮህ ግን ሩቂያ ተመልሳ አግዳሚ ሥር ነበረች። «ትንሽ ይታገሱ፣ በሞቴ ትንሽ» እላቸዋለሁ። ቀለበታቸው መዳፌን ሲቆርጠኝ እንኳ አልለቀቅሁም። የእናቴን ታላቅ የሚሆኑ ሴት እንደዚያ ይዤ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላውቅም።

ጋሼ ከድር እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ አሻንጉሊቷን ደረታቸው ላይ ለጠፉ። «ሩቂያ እናቷ ናፍቃታለች» አሉ። ከጨዋታው አልወጡም።

ልጅቷ አጠገባቸው ቁጭ አለች። «አልቅስ» አለቻቸው። «ለሰው አልናገርም።»

ያን ጊዜ የእትዬ ሙሉካን እጅ ለቀቅሁ። ከዚያ በኋላ ያላለቀሰ አልነበረም፤ ኦቦ ጉተማ እንደ ሕፃን ነው የተንሰቀሰቁት። ሰኞ አውቶቡሱ እትዬ ሙሉካን ብቻቸውን ይዞ ሄደ። ከመሳፈራቸው በፊት የበለዘ እጃቸውን አሳይተውኝ «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ብረት ነው» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ።

ሩቂያ አደገች፤ በደሌ ታስተምራለች። እኔም ወለድሁ፣ ሸበትሁ፤ ስንቱን ወላጅ ወለል ላይ አስቀምጬ «ለልጅ እውነቱን ንገሩ» እያልሁ አፌ እስኪደርቅ ሰበክሁ። አምና ጋሼ ከድር አንድ ጠዋት በተኙበት አረፉ። ሽማግሌዎቹ ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። «አንቺን ትሰማለች፤ መንገድ ላይ እንዳትደነግጥ አሟቸዋል ብለሽ ጥሪያት» አሉኝ። ያ ሁሉ ስብከት የእኔ አይደል? ታዲያ ምን ብላት ጥሩ ነው?

«ሩቂያዬ፣ አባትሽ ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ነይ።»

ዝም አለች። ያን የአግዳሚ ሥር ዝምታዋን አወቅሁት። ቆይታ፣ በጣም በቀስታ፣ «እትዬ፣ ቀበራችሁት?» አለችኝ።

«ገና ነው ልጄ» አልኳት። «አርፈዋል። አንቺ ሳትደርሺ ግን አፈር አናለብሳቸውም፤ እየጠበቅንሽ ነው።»

ዛሬም ወላጆች ይመጣሉ። «እንዴት አድርጌ ልንገራት?» ሲሉኝ እንደ ድሮው አልቆጣም። በሃያ አራት ዓመቴ የሠለጠነው አፌ እንጂ ልቤ አልነበረም። «ከባድ ነው፤ እኔም ዋሽቻለሁ» እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ወገቤን ይዤ ወለሉ ላይ አብሬያቸው እቀመጣለሁ።