ሁለት ድስት የነበራት ከተማ

የመካነ ሰላምን ታሪክ ንገሪኝ የሚለኝ ሁሉ መስማት የሚፈልገው ማን ቆረቆራት፣ መንገዱ መቼ ገባ የሚለውን ነው። ወዲያ! የትኛው መኪና ነው ሳይሰበር የደረሰው? እኔ የማውቀው ታሪክ ድስት ነው። በእኛ ከተማ ሠርግም ይሁን ተዝካር ሁለት ድስት ይጣዳል፤ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ለእስላሙ። አባቴ ሲደግስ ለጎረቤታችን ለሼኹ ሙክት ያስረክባል፤ ሼኹም በእጃቸው አርደው፣ በራሳቸው ድስት አስቀቅለው እንግዶቹን ያበላሉ። እሳቸው ሲደግሱም እንዲሁ። ጨዋታው አንድ ላይ ነው። በዚህ የተጣላ ሰው አላየሁም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከቆላ የወጣ ሕዝብ ከተማዋን ሲሞላት፣ ሰፈርተኛው ያለውን አዋጥቶ ገበያው ዳር ዳስ ጣለ። እንደ ልማዳችን ሁለት ድስት ተጣደ። እኔ ከልጃገረዶቹ ጋር እንጨትና ውሃ ላይ ነበርኩ። የምንቀቅለው ንፍሮ ነው፤ እሱም እየመነመነ ሄደ።

አባቴ የቀረው አንድ በሬ ነበር። የጥማዱ ሌላው በሬ በመኖ እጦት ስለሞተበት፣ ዝናብ ከጣለ እንደኔው ባለ አንድ በሬ መቀናጆ ፈልጌ አርሳለሁ እያለ ከቤታችን ክዳን ሣር እየመዘዘ ያበላው ነበር። አንድ ቀን ከመሬት ተነስቶ "ይታረድ" አለ።

"ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ? በምን ልታርስ ነው?" አለችው እናቴ።

"ሰው ካለቀ ለማን ነው የማርሰው?"

በሬው ለክርስቲያኑ ድስት ሊሆን፣ ለእስላሙ ደግሞ ሼኹ ፍየሎቻቸውን ሊያመጡ ተስማሙ። ይኼኔ ነው የደርግ ካድሬው ከች ያለው። ሁለቱን ድስት ሲያይ ደሙ ፈላ። "ረሃብ ሃይማኖት አለው እንዴ? አብዮቱ ያጠፋውን ልዩነት እናንተ እዚህ ትቀቅላላችሁ?" አለ። በሬው በአንድ ድስት ይቀቀላል፣ ሕዝቡም አንድ ላይ ተቀምጦ ይበላል ብሎ አዘዘ። ፎቶ አንሺ ሳይቀር ይዞ መጥቷል።

"ጌታዬ" አለ አባቴ፣ "ግድ የለም፣ ሼኹ በእጃቸው ይረዱትና ለእስላሞቹ ይሁን። ለኛዎቹ ንፍሮ እንጥዳለን።"

"ጌታዬ አትበለኝ፣ ጓድ በለኝ! ቄስም ሼህም አይነካውም፤ ንፍሮም አይጣድም!" አባቴን የሚያህል ሰው አንተ እያለ! ሚሊሻውን ጠርቶ አሳረደው። ሚሊሻው በስመ አብ አላለ፣ ቢስሚላህ አላለ፤ እንዲያ ተብሎ ታዟላ።

ሥጋው በስሎ ታደለ። ያ ሁሉ የራበው ሕዝብ በቅጠል ላይ የቀረበለትን እያየ አልነካውም። ክርስቲያኑ "ማን ባረከው?" ይላል፣ እስላሙ "ማን አረደው?" ይላል። ብሉ እንጂ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ፤ ግን ለኔም ቢሰጡኝ አልቀምሰውም ነበር። እና ማንን ልቆጣ? ካድሬው "የአድሃሪ አድማ ነው! ማነው የቀሰቀሳችሁ?" እያለ ይንጎራደዳል። እነሱን ለመቀስቀስ ማን ጉልበት ነበረው? ፎቶው ግን ተነሳ። የመካነ ሰላም ሕዝብ የሃይማኖትን አጥር አፍርሶ በአንድ ገበታ በላ ተብሎ በየስብሰባው ሲነበብ ስንት ጊዜ ሰማሁት! እስካሁን ያበግነኛል።

ሥጋው ገደል ሲጣል አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። ከቆላ ከመጡት አንዷ፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ቀስ እያለች መጣችና ፊቱ እጅ ነሳች።

"አባቴ፣ በሬው የርስዎ ነው አሉኝ።"

"ነበር" አላት።

"አላህ ይስጥልኝ። ሳልበላልዎ ቀረሁ፤ አይቀየሙኝ።"

"ኸረ አንቺው ይቅር በይኝ፣ ልጄ" ብሎ አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞረች። "እህቴ፣ ለኔስ ግድ የለም። ለዚች ልጅ አፏን የምታሟሽበት ንፍሮ አታጡም?"

ድስቶቹን ሄጄ አየኋቸው። በሬ አለ ተብሎ፣ ካድሬውም ከልክሎ፣ የዚያን ቀን ንፍሮ አልተጣደም።